«ቀጥሎ ያንቺ ተራ ነው» — ያልተጻፈው የማታ ትምህርት ታሪክ

በወላጆቼ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል በስተግራ፣ በመስታወት የተከደነ አንድ ወረቀት ተሰቅሏል። አባቴ በ1981 ዓ.ም. በማታ ትምህርት ያገኘው የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ነው። ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም የአባቴ ብቻ ነው። አባቴ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ግድግዳው እየጠቆመ፣ «ይሄ እንኳ የሁለታችን ነው» ማለት ይወዳል። እናቴ ያኔ ፈገግ ትላለች፤ ወይም ቡና ለመቅዳት ጎንበስ ትላለች።

ይህን ንግግር ለብዙ ዓመታት የቤታችን ደስ የሚል ቀልድ አድርጌ ስሰማው ኖሬያለሁ። ቀልድነቱ ያበቃው በራሴ ቤት ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም በዲፕሎማ የምንሠራ ሰዎች ነን። ትዳር ይዘን፣ ልጅ ወልደን፣ ሠላሳን ከተሻገርን በኋላ ዲግሪያችንን እንያዝ ብለን በአንድ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር አብረን ተመዘገብን። የመጀመሪያው ዓመት በደኅና አለፈ። በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ የቤት ኪራዩም የኮሌጁም ክፍያ ጨመረ። አንድ ማታ ባለቤቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ሲደምር ሲቀንስ ቆየና፣ «ለጊዜው አንዳችን ብቻ ብንቀጥል ነው የሚያዋጣው። ዘንድሮ እኔ ልቀጥል፤ ቀጥሎ ያንቺ ተራ ነው» አለኝ።

በንግግሩ ክፋት አልነበረበትም። ሒሳቡም ትክክል ነበር። የእሱ መሥሪያ ቤት ዲግሪ ለያዘ ሰው እድገት ይሰጣል፤ እኔ ግን በየጽሑፉ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ፤ ዲግሪ ብይዝ ባልይዝ የጽሑፍ ዋጋ ያው ነው። ሆኖም ይህን ዐረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። አባቴ በ1974 ዓ.ም. ለእናቴ የነገራት ቃል በቃል ይህንኑ ነው። እናቴ ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት ነበረች፤ ትምህርቷን ከ11ኛ ክፍል አቋርጣ ያገባች። ተራዋ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ እንግዲህ ይኸው ነው። ስለ ማታ ትምህርት ታሪክ ሲነሳ የምንሰማው ስለ ተቋማቱ ነው፤ መቼ ተከፈቱ፣ ማን ከፈታቸው፣ ስንት ሰው አስመረቁ። ነገር ግን ትዳር የያዘ ሰው ወደ ትምህርት ሲመለስ የሚመለሰው ብቻውን አይደለም። ቤቱ ነው አብሮት የሚመዘገበው። ለመሆኑ በሀገራችን ባለትዳር ተማሪ የሚባል ሰው መቼ ተፈጠረ? ዋጋውንስ ማን ሲከፍል ኖረ?

በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪ ማለት ከቤት የወጣ ሰው ማለት ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደብር ደብር ይዞራል። ዜማውን ከአንዱ፣ ቅኔውን ከሌላው፣ መጽሐፉን ከሦስተኛው መምህር ይማራል። ይህ ሁሉ ዓመታትን የሚበላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጎጆ ሲወጣ ተማሪነቱ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ካህን ወይም ደብተራ ሆኖ ቤቱን ያስተዳድራል። ሴቶችማ ከዚህ መንገድ ላይ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ፣ በጎጃም ቅኔ እስከ ማስተማር የደረሱ ብርቅዬዎች ካልሆኑ በቀር አይገኙም ነበር። ስለዚህ ትምህርትና ትዳር አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣባቸው ሁለት በሮች ሆነው ኖሩ። «ካገባሽማ ምን ትምህርት አለ» የሚለው ዛሬም የምንሰማው አነጋገር ሥሩ ረጅም ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ይህ አስተሳሰብ ወዲያው አልተለወጠም። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የወንዶች ነበር። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ በ1924 ዓ.ም. ነው። በዚያም ለልጃገረዶቹ ከቀለሙ ጎን ለጎን የቤት አያያዝና የእጅ ሥራ ይሰጣቸው ነበር፤ የተማረው ወንድ የተማረች ሚስት ያሻዋል የሚለው ሐሳብ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነበርና። ልብ በሉ፤ ሴቲቱ የምትማረው ሚስት ለመሆን ነው። ሚስት ከሆነች በኋላ ስለ መማሯ ግን ያሰበ የለም።

ባለትዳሩን ተማሪ የፈጠረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጣው የቢሮ ሥራ ነው። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ መንግሥት ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አስተርጓሚ፣ መዝገብ ቤት የሚሆን ሰው በብርቱ ፈለገ። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ኋላ «ኮሜርስ» እያልን የምንጠራው፣ በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው የፈለገው ሰው ሁሉ ልጅ አልነበረም። ብዙው ቀድሞ ሥራ የያዘ፣ ያገባና የወለደ ጎልማሳ ነው። ይህ ሰው ቀን ወንበሩን ጥሎ መማር አይችልም። የቀረው ምሽቱ ነው።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተቋቋመው «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ትምህርት ቤት ለእነዚህ ጎልማሶች በሩን ከፈተ። ስሙ ምንኛ የሚያምር ነው! ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ፊደልና እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይገኛል? ዳሩ ግን ስሙን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «ብርሃንህ» ነው የሚለው። «ብርሃንሽ» አይልም። ቋንቋችን ሰውን ሁሉ በወንድ ጾታ መጥራት ስለሚያዘወትር ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን በዚያን ዘመን በየምሽቱ ወደ ክፍሉ የሚገባውን ሰው ስሙ በትክክል ገልጾታል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በዚያው በ1940ዎቹም ሠራተኞች በማታ የሚማሩበት «ኤክስቴንሽን» የሚባለው ክፍል ተጨመረ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። የማታ ተማሪው ከቢሮው ወጥቶ፣ ሸሚዙ ላይ የካርቦን ወረቀት ቀለም እንደያዘ፣ የቤተ መንግሥቱን በር አልፎ ወደ ክፍሉ ገባ። ትልቅ ነገር ነው። የድኻ ልጅ የሆነ ጸሐፊ በአንድ ትውልድ ውስጥ የመምሪያ ኃላፊ ለመሆን የሚወጣበት መሰላል የተዘረጋው እዚያ ነው። በዚያ ዘመን ግን በዩኒቨርሲቲው ከነበሩት ተማሪዎች ሴቶቹ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

ለዚህ ቤቱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ሕጉም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑን፣ ሚስትም ከሕግ ባልወጣው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ በግልጽ ይደነግግ ነበር። ከዚህም አልፎ ባል አገልጋይ ለማቅረብ የማይችል ከሆነ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳል። እንግዲህ አስቡት። አገልጋይ የሌለው ቤት ማለት የአብዛኛው የማታ ተማሪ ቤት ማለት ነው። ባልየው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሚስቲቱ በዚያው ሰዓት ምጣድ ፊት እንድትቀመጥ ያዘዛት ባሏ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ ሕግ ነበር። ይህ ድንጋጌ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ወላጆቼ ትዳር የያዙት በአሮጌው ሕግ ሥር ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ ነው እንዳይባል ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በ1944 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ከጦር ሜዳ የሚመለሱ ወታደሮቿ በመንግሥት ወጪ እንዲማሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1947 ከአገሪቱ የኮሌጅ ተማሪ ግማሽ ያህሉ ተመላሽ ወታደር ነበር። ብዙዎቹ ባለትዳር ስለነበሩ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለቤተሰብ መኖሪያ ከወታደር ካምፕ የተረፉ ቤቶችንና ተጎታች መኪናዎችን በየግቢያቸው ደረደሩ። ከመንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ ለአንድ ቤት አልበቃ ሲል ሚስቶቹ ታይፕ እየመቱ፣ ሱቅ እየሸጡ ቤቱን አቆሙ። በምረቃው ቀን ታዲያ አንዳንድ ኮሌጆች ለእነዚህ ሚስቶች አንድ ወረቀት ይሰጧቸው ጀመር። ዲግሪ ይመስላል፤ ማኅተምና ፊርማ አለው። የዲግሪው ስም «ባሏን ያስተማረች» የሚል ነበር። ለቀልድም ለምስጋናም የተሰጠ ነው። ወረቀቱ ግን ሥራ አያስቀጥርም።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ባወቅሁ ጊዜ የአባቴ «የሁለታችን ነው» ትዝ አለኝ። የኛው ቤት ማኅተም እንኳ አልነበረውም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የ1966ቱ አብዮት ሲመጣ ከመቶ ኢትዮጵያዊ ከዘጠና በላዩ ማንበብና መጻፍ የማይችል ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ስለ ደርግ የሚነገረው ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ባልና ሚስትን በአንድነት ለትምህርት የጠራ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጥሪ ነበር ማለት ይቻላል። በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አግኝቷል። ልጅ ያዘለች እናት ከጎረቤቷ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ «ሀ ሁ» ስትል የታየችው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ጥሪው የሚያበቃው ፊደሉ ላይ ነበር። ፊደል ለቆጠረችውና ለተጨማሪ ትምህርት ለምትጓጓው ሚስት የማታው ኮሌጅ በር እንደ ድሮው ጠባብ ነው።

እናቴ በዚያ ዘመቻ ተማሪ አልነበረችም። አስተማሪ ነበረች። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ከእሷ የሚበልጡ ሴቶችን በቀበሌው አዳራሽ አስተምራለች። ከሦስት ዓመት በኋላ አገባች፤ ያኔ ነው አባቴ ያን ቃል የተናገረው። «ሁለታችንም አንችልም። አሁን እኔ ልማር፤ ስጨርስ ቀጥሎ ያንቺ ተራ ነው።»

ባለፈው ዓመት የባለቤቴን ንግግር ከሰማሁ በኋላ ወደ እናቴ ሄጄ ስለ እነዚያ ሰባት ዓመታት ጠየቅኋት። ከዚያ በፊት ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ብዙ ነገረችኝ። አባቴ ማታ ከአውቶቡስ ወርዶ እስኪመጣ ድረስ እራቱን በሞሰብ ከድና እንደምትጠብቅ፤ የክፍያው ወር ሲደርስ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ለጎረቤት እንደምትሸጥ፤ መብራት ሲጠፋ ሻማውን ለእሱ ትታ እሷ በጨለማ ሊጥ እንደምታቦካ። «የሱን ፈተና ከሱ ይልቅ እኔ ነበርኩ የምፈራው» አለችኝ። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «አንድ ትምህርት በወደቀ ቁጥር የኔ ተራ በስድስት ወር ይርቃላ!» አለች።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። አባቴ ጮክ ብሎ ካላነበበ የማይገባው ሰው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሒሳብ አያያዝን ጮክ ብሎ አነበበ፤ እናቴም ሰባት ዓመት ሙሉ ሽንኩርት እየላጠች ሰማች። ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ። የባልትና ሽያጯን የምትመዘግብበትን ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ገጹ መሐል ላይ በማስመሪያ ተሰምሮ ግራና ቀኙ ተለይቷል። በርበሬ የተገዛበት በአንድ በኩል፣ በዱቤ የወሰደችው ጎረቤት በሌላ በኩል። ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነው፤ አንድ ስሕተት የለበትም። ተምራለች ማለት ነው። ያልተመዘገበች ተማሪ ነበረች።

አባቴ በ1981 ጨረሰ። በ1982 እኔ ተወለድሁ። በ1983 መንግሥት ተለወጠ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የአባቴ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ። ቤቱን ለጥቂት ዓመታት የያዘው ያ ደብተር ነው። ተራው እንደገና ተላለፈ። በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ፤ የሁለተኛ ደረጃ አጠቃላይ ትምህርት በ10ኛ ክፍል እንዲያበቃና ቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት መሰናዶ እንዲሆኑ ተደረገ። እናቴ በ1994 ዓ.ም.፣ በአርባ ዓመቷ፣ የድሮ ካርዷን በፌስታል ይዛ ወደ አንድ የማታ ትምህርት ቤት ሄደች። የአንቺ 11ኛ ክፍል በአዲሱ ሥርዓት አይያዝም፤ መጀመሪያ የ10ኛን ፈተና ተቀመጪ አሏት። አመስግና ወጣች። ለአባቴም አልነገረችውም። እኔም የሰማሁት ባለፈው ዓመት ነው።

እንግዲህ የአባቴን ቃል ያፈረሰው አባቴ አይደለም። እናታለላት ብሎ የተናገረው ቃል አልነበረም። ችግሩ ያለው ራሱ «ተራ» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ተራ እንዲሠራ ከፊት ያለው ሰው ሲጨርስ ዓለም ቆማ መጠበቅ አለባት። ልጅ መወለድ የለበትም፤ መንግሥት መለወጥ የለበትም፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ባለበት መቆየት አለበት። ከፊት የቆመው ሰው ዋጋውን ዛሬ ይቀበላል፤ ከኋላ የቆመው ግን የሚቀበለው የተስፋ ቃል ነው። ከፊት የሚቆመው ደግሞ ደመወዙ የሚበልጠው ነው፤ ደመወዙ የሚበልጠውም ቀድሞ እንዲማር የተደረገው ነው። በዚህ አዙሪት ሒሳቡ ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ ይወጣል፤ ሁልጊዜም ወደ አንድ ሰው ያደላል።

ተራ በጭራሽ አይሠራም ማለቴ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው፤ ባል ታክሲ ሲነዳ ሚስት ነርሲንግ ትማራለች፤ እሷ ስትመረቅ ሥራውን ትይዝና እሱ ይገባል። አንድ ዘመዴና ባለቤቱ እንዲህ ሆነው ሁለቱም ጨርሰዋል። ምሥጢሩን ስጠይቀው፣ «ቀድማ የተማረችው እሷ ስለሆነች ነው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ቀድሞ የተላከው ኋላ እንዲቀር የተለመደው ሰው ሲሆን፣ ተራው ወደ ሁለተኛው መድረሱ አይቀርም።

በአሁኑ ጊዜ የመማሪያው በር ከወላጆቼ ዘመን ይልቅ ሰፊ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የግል ኮሌጆች መስፋፋት፣ የማታው፣ የቅዳሜና እሁዱ፣ የርቀቱም ትምህርት፣ ባልና ሚስት በአንድ የመመዝገቢያ መስኮት ፊት እንዲቆሙ አስችሏል። በክፍላችን ውስጥ እንደ እኛ ያሉ ሌሎች ባለትዳሮችም አሉ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ እንደ ድሮው ክፍል ገብቶ መውጣት ብቻ አይበቃም። ማጥናት ያስፈልጋል፤ ማጥናት ደግሞ ቤት ውስጥ ሰዓት ይፈልጋል። የዚያ ሰዓት ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ እንደገና ምጣዱ ፊት ይመልሰናል።

እናቴ ስትሸኘኝ በር ላይ ቆማ፣ «ልጄ፣ ተራ አትጠብቂ። ቤት ውስጥ ወረፋ የሚይዝልሽ ሰው የለም» አለችኝ። ይህንኑ ለባለቤቴ ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ያንኑ ወረቀት አውጥቶ እንደገና ይደምር ጀመር። ሁለታችንም የምንወስደውን ትምህርት በግማሽ ቀነስን። ለአንድ ሰው ሙሉ የሚከፈለውን ለሁለት ከፈልነው። የቀረን ጊዜ በእጥፍ ረዘመ፤ የእሱም እድገት ዘገየ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከእሱ በኋላ የተቀጠረ ሰው ቀድሞት ወንበሩን ያዘ። ያን ቀን ማታ እራት አልበላም። እኔም ጥፋተኛ እንደሆንሁ ያህል ተሰማኝ። ሆኖም በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን ሄድን።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ጎዶሎ አደርገዋለሁ። እኛ ክፍል ስንቀመጥ ልጃችንን የምትይዘው እናቴ ናት። ቅዳሜም፣ እሁድም። እኛ ተራን ከቤታችን አስወጣን ስንል ወደ እሷ ቤት አስገብተነዋል። ስለዚህ ነገር ሳነሳባት ተቆጣችኝ፤ የልጅ ልጄን መያዝ ትምህርት ከመያዝ አይበልጥም ወይ አለችኝ። እኔ ግን መልሷ እውነት ይሁን ልማድ ለይቼ አላውቅም።

በምዝገባ ቅጹ ላይ «የጋብቻ ሁኔታ» የሚል መስመር አለ። ያገባ፣ ያላገባ፣ የፈታ። ሬጅስትራሩ በዚህ መስመር ምን እንደሚያደርግበት አላውቅም። እኔ ግን ስሞላው ሌላ መስመር እጨምርበት ነበር፤ «ይህ ሰው እንዲማር ቤት የቀረው ማን ነው?» የሚል። ያ መስመር ከ«ብርሃንህ ዛሬ ነው» ጀምሮ በየመዝገቡ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ፣ የማታ ትምህርት ታሪካችን ዛሬ ከምናውቀው እጥፍ ይሆን ነበር። አንባቢያን በየግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ካለ ስሙን ካነበባችሁ በኋላ ዞር ብላችሁ ቡና የምትቀዳውን ሴት ጠይቋት። እኔ የዘገየሁት ሠላሳ ዓመት ነው።